ባሕር የተከፈተ ዕለት

ያልሰማችሁት ስሙኝ፤ የሰማችሁትም እንዳልሰማ ሆናችሁ ስሙኝ። የአገሩን ስም ግን አትጠይቁኝ። ስም ነበረው፤ ነገር ግን ስሙን ለመጥራት ማስፈቀድ ስለሚያስፈልግ ሰዉ ሁሉ «አገራችን» ብሎ ማለፍ ለመደ። በስተምሥራቁ ባሕር አለው። ባሕሩ ደግሞ ዝግ ነው። በር ኖሮት አይደለም የተዘጋው፣ በአዋጅ ነው። ዓሣ አጥማጁ ከዳርቻው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እስከ ተዘረጋው ገመድ ይቀዝፍና፣ ገመዱ ጋ ሲደርስ ባሕሩ አልቋል ተብሎ ይመለሳል። ልጆች ከገመዱ ወዲያ ያለው ውሃ ምን እንደሚባል ሲጠይቁ አባቶች «እሱ እኛን አይመለከትም» ይሏቸው ነበር።

በዚያ አገር ሕግ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሄደና የቀረ። ከቤተ መንግሥቱ መለከት ተነፍቶለት የወጣ ሰው «ሄደ» ይባላል። የሄደ ሰው ይጠበቃል፤ ቢዘገይ ይፈለጋል፤ ሲመለስ እልል ይባልለታል። መለከት ሳይነፋለት በገዛ እግሩ ውልቅ ያለ ሰው ግን «ቀረ» ነው የሚባለው። ማን ሄደ ማን ቀረ የሚለውን የሚወስነው የቃል ዳኛ የሚባል ሹም ነው። የቃል ዳኛው ሰው የተናገረውን ቃል ይይዝና በዚያው ቃል ይፈርዳል። ሊቅ ነው ይባላል። ሊቅነቱን የሚጠራጠር ካለ በምን ቃል እንደሚጠራጠር አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት፤ እስካሁን ያስፈቀደ የለም።

እዚያ ዳርቻ ትብለጥ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት ልጇን በሆዷ እንደያዘች ነው። ልጁ ሲወለድ ታቀፈችው፣ ዓይን ዓይኑን አየችውና «አንለይ» አለችው። ስም ይሁን ልመና ራሷም አልለየችውም፤ ብቻ ስሙ እሱ ሆነ። አንለይ ሳቂታ ሆኖ አደገ። ለዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናል፣ መረብ ሳይቀደድ ሲቀር ደግሞ ዳርቻው ላይ ተጋድሞ ከገመዱ ወዲያ ያያል። ትብለጥ ድምፀ መልካም ናት፤ ሲመሽ ደጃፏ ላይ ቆማ «አንለይ!» ብላ ስትጣራ ከዳርቻው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። እሱም ካለበት ሆኖ «አቤት!» ይላታል። ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ነው «አቤ…ት» የሚለው፣ እየጎተተ። ጎረቤቱ እራት የሚያቀርበው ያንን ሰምቶ ነበር።

አንድ ቀን እንግዲህ ልጁ «ማዶ ሥራ አለ አሉ» አለ። ማዶ ማለት ከገመዱ ወዲያ፣ ከውሃውም ወዲያ ነው።

«ማን ነው ያለው?» አለችው ትብለጥ።

«ሁሉም ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«እዚያ ሆነህ ብጠራህ ማን አቤት ይለኛል?»

«እኔ ነኛ! ከዚያም ሆኜ እሰማሻለሁ።»

«ድምፄ ማዶ ይደርሳል?»

«ያንቺ ድምፅ? አልፎ ይሄዳል እንጂ!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። በማግስቱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአንዲት አሮጌ ጀልባ ገመዱን አልፎ ወጣ። መለከት አልተነፋለትም። ከዚያ ወዲህ ማንም አቤት አላላትም።

ትብለጥ ሲመሽ መጣራቷን አልተወችም። ጎረቤቱ መጀመሪያ ሰሞን አብሯት ያለቅስ ነበር፤ በኋላ ለመደው፤ ከዚያ በኋላ መስማቱን ተወው። በናፍቆት ከሳች። የልጇን መረብ መጠገኛ መርፌ ብብቷ ውስጥ ይዛ ትተኛለች። የምትፈልገው ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ ጀልባ ወጥቶ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲፈለግላት ነው። ይህንኑ ልትጠይቅ የቃል ዳኛው ዘንድ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ቀረብኝ» አለች እጅ ነስታ።

«ምን ሆነ አልሽ?»

«በጀልባ ከገመዱ ወዲያ ወጥቶ በዚያው ቀረ። አንለይ ይባላል። በእርስዎ ሞት፣ አንድ ጀልባ ይታዘዝልኝና ይፈለግልኝ።»

«ቀረ ነው ያልሽው?»

«አዎ ጌታዬ፣ ቀረ።»

የቃል ዳኛው ፊት እንደ መብራት ቦግ አለ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ነገር ከመጣለት ሰንብቷል። «እስቲ ልጠይቅሽ። አንቺ ገበያ ሄደሽ ልጅሽ ቢቀር፣ ልጅሽ የት ነው ያለው?»

«ቤት ነዋ።»

«ይኸው! በገዛ አፍሽ! የቀረ ማለት ያልሄደ ማለት ነው። ያልሄደን ሰው ባሕር ላይ ምን ብለን እንፈልገዋለን?»

«ቤትማ የለም፣ ጌታዬ። ቤት ቢኖር እዚህ ምን አመጣኝ?»

«አለመኖሩ ሌላ፣ መቅረቱ ሌላ። ቤትሽን በደንብ ፈልጊ» አለና ሊያሰናብታት ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። «ለመሆኑ እዚሁ ካለ በደስታ ቀን አደባባይ ለምን አይወጣም? ጭብጨባው ጎድሎብናል ማለት ነው።»

መልሷንም ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ግድ የለም፣ ወጣት ነው። የሱንም ድርሻ አንቺ ታጨበጭቢለታለሽ። መጀመሪያ የራስሽን፣ ቀጥለሽ የልጅሽን።»

ልፋቷ ሁሉ ይህችን ይዞላት ተመለሰ፤ ለሁለት ሰው ማጨብጨብ።

በዚያው አገር አንድ ባለጸጋ ነበር። ሀብቱ ከመብዛቱ የተነሳ ምድር ሰለቸው። ስለዚህ የብረት እንቁላል ሠራ። እንቁላሉ ከሥሩ እሳት ይነድድበትና ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ውስጡ አራት ሰው ይይዛል፤ እዚያ ላይ ሰንብቶ ደግሞ ይወርዳል። ምድር ላይ ቢወርድ ስለሚሰበር የሚወርደው ባሕር ላይ ነው። እና ያ ዝግ ባሕር ለእንቁላሉ ይከፈታል። ገመዱ ይነሳል፣ ቀዛፊዎቹ ይወጣሉ፣ እንቁላሉን ጎትተው ያመጣሉ። አቅም ያለው ሁሉ ተራ እየያዘ ወጥቶ ይወርድ ጀመር። መለከቱ ስለሚነፋላቸው ሁሉም «ሄዱ» ይባላሉ።

አዋጁም እንዲህ የሚል ነበር፦ «እንቁላሉ የባለጸጋው የግል ንብረት ነው። ደስታው ግን የሕዝብ ነው።» አንድ ቀልደኛ «ቢገለበጥስ? እንቁላሉን ለኛ፣ ደስታውን ለሱ» አለ አሉ። አሁን የት እንዳለ አይታወቅም፤ ቤተሰቦቹ ቀረ ብለው አመልክተዋል።

ደስታውን የሚመራው ሊቀ ደስታ ብሥራት ነበር። አጭር፣ ጥድፊያ የማይለቀው፣ ከመሳቁ በፊት ማን እንደሳቀ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ነው። እንቁላሉ ሊወርድ ሲቃረብ ሕዝቡን በየሰፈሩ ዳርቻው ላይ ያሰልፍና ያለማምዳል። መጀመሪያ ጭንቀት ነው፤ እንቁላሉ ሲዘገይ የሚጨነቁት። ቀጥሎ ተስፋ። መጨረሻ ላይ ደስታ።

«ጭንቀታችሁ አላማረኝም!» ይላል ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ። «ይሄ እኮ ረሃብ ነው የሚመስለው። እንደገና ተጨነቁ! የታችኛው ሰፈር፣ እናንተማ ጭራሽ ተስፋ ላይ ደርሳችኋል፤ ማን ፈቀደላችሁ?» ከዚያ ትብለጥ ላይ ዓይኑ ያርፋል። «እሷን እዩ! ጭንቀት ማለት እንደ ወይዘሮ ትብለጥ ነው። ከየት ተማርሽው?»

«ቤቴ ነው የተማርሁት፣ ጌታዬ» ትላለች።

ትብለጥን የእልልታ መሪ ያደረጋት እሱ ነው፣ ለድምጿ ሲል። የእልልታ ድንጋይ የሚባል ከውሃው ዳር የቆመ ድንጋይ አለ፤ መሪዋ እሱ ላይ ትቆማለች። ደንቡም አንድ ነው፦ መሪዋ ያለችውን ሕዝቡ ይላል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህ ደንብ የወጣው ከዓመታት በፊት በእልልታው መሐል አንድ ሰው ጥያቄ ጨምሮ ስለነበር ነው። ጥያቄው ምን እንደነበር አሁን የሚያስታውስ የለም፤ ደንቡ ግን አለ።

የነገሩ ቀን ደረሰ። ዳርቻው በሰው ተሞላ። ለሹማምንቱና ለባለጸጋው ዳስ ተጣለ፤ የአራቱ መንገደኞች ዘመዶችም እዚያው ጥላ ሥር ተቀመጡ። መለከት ተነፋና ገመዱ ተነሳ። ቀዛፊዎቹ ከየጀልባቸው ቆመው፣ የአባቶቻቸውን መሐላ እንደ ወትሮው በአለቃቸው በሙሄ አፍ ማሉ፦ «ባሕር በተከፈተበት ቀን፣ ምድር በአንድ ድምፅ የጠራችውን ስም ፀሐይ እስክትጠልቅ ሳንፈልግ ብንመለስ፣ መቅዘፊያችን ይሰበር።» መሐላው ጥንት ባሕሩ ዝግ ሳይሆን የተማለ ነው። ሹማምንቱ ያቆዩት ዜማው ደስ ስለሚላቸው ነበር፤ ቃሉን ከልብ ያዳመጠው የለም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰማዩ ጓ! አለ። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። መጀመሪያ ነጥብ ታየች፣ ከዚያ ጃንጥላዎቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ፤ ከሥራቸው እንቁላሉ እንደ ተቃጠለ ድስት ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። እውነት ለመናገር ሕዝቡ ልምምዱን ረሳው። ማንም ሳያዘው ጸጥ አለ፤ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሴቱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከሰማይ ሰው ሲወርድ ያስፈራል፤ የማንም ይሁን የማን ሰው ነው።

ትብለጥም አሳዘኗት። ጠልታቸው አታውቅም። ወደ ዳሱ ብታይ አንዲት ሴት፣ በወርቅ የተንቆጠቆጠች፣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ ትጠመጥማለች። ያን ጥምጠማ ትብለጥ ታውቀዋለች። «እናት ናት» አለች በሆዷ፤ «አይዞሽ።»

እንቁላሉ ውሃው ላይ ወደቀ። ውሃው ቀጥ ብሎ ተነሳና ዋጠው። ለትንፋሽ ያህል ባሕሩ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ ብቅ አለ፤ ይዋልል ጀመር። ቀዛፊዎቹ ያን ሁሉ ጀልባ ይዘው ወደሱ ተወረወሩ። ሊቀ ደስታ ነጭ መሐረቡን አነሳ፤ የእልልታው ምልክት ነው።

ትብለጥ አፏን ከፈተች። ግን ዓይኗ እንቁላሉን አላየም። ያየችው የተከፈተውን ባሕር ነው። ገመድ የለም። ሰው ሊፈልግ የወጣ ስንት ጀልባ፣ ስንት መቅዘፊያ! እሷ የለመነችው አንዱን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ደጃፏ ላይ ሆና የተጣራችበት ድምፅ በአንዴ ጉሮሮዋ ላይ መጣና፣ በእልልታው ፈንታ ወጣ።

«አንለ…ይ!»

ደንቡን ረስታዋለች። ሕዝቡ ግን አልረሳውም። መሪዋ ያለችውን ይላል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

«አንለ…ይ!» አለ ዳርቻው በሙሉ።

ድምፁ መሬቱን አናወጠው። ትብለጥ ደነገጠች። የልጇን ስም ከራሷ በቀር የሚጠራው ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው! ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ደግማ ጠራች፤ ደግመው ጠሩላት። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ባሕሩ አዘንብላ ዝም አለች። መሪዋ ዝም ካለች ሕዝቡም ዝም ነው።

ዳሱ ውስጥ ባለጸጋው ቅንድቡን አነሳ። «ምንድን ነው የሚሉት? እልልታው የት ሄደ?»

የሊቀ ደስታ ብሥራት ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። እንጀራው በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። «አንለይ ማለታቸው ነው፣ ጌታዬ» አለ ምላሱ እየተሳሰረ። «ከ… ከእንቁላሉ አንለይ! ከእርስዎ አንለይ! ደስታው እልልታን አልፎ ሄደባቸው እኮ!»

«እንዲህ የሚል ቃል አለ?» ብሎ ባለጸጋው ወደ ቃል ዳኛው ዞረ።

የቃል ዳኛው ይህን ስም ከትብለጥ አፍ በገዛ ጆሮው ሰምቶት ነበር። ነገር ግን እሱ የሚያዳምጠው ቃል እንጂ ሰው ስላልሆነ አላስታወሰውም። «ቃሉ ትክክል ነው» አለ ጢሙን እየዳሰሰ። «አንለይ ማለት መለየት አንፈልግም ማለት ነው። እንዲያውም ከእልልታ ይልቃል፤ እልልታ ትርጉም የለውም።»

ባለጸጋው ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ከዛሬ ጀምሮ የደስታው ቃል ይኸው ይሁን ብሎ አዘዘ። ሊቀ ደስታም ላቡን ጠርጎ፣ ማን እንደሳቀ ዞር ብሎ አይቶ፣ ሳቀ።

እንቁላሉ ተጎትቶ ዳር ደረሰ። አራቱ ሰዎች እየተደገፉ ወጡ። ያኔ ቀዛፊዎቹ ጀልባቸውን አስረው ለግብሩ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ሙሄ ግን የጀልባውን አፍንጫ መልሶ ወደ ባሕሩ አዞረ። ሌሎቹም ተከትለውት አዞሩ።

«የት ነው?» ብሎ ሊቀ ደስታ እየሮጠ መጣ።

«ስም ተጠርቷል፣ ጌታዬ» አለ ሙሄ።

«ስም አይደለም! ቃል ነው!»

«እኔ እንግዲህ አንለይ የሚባል ልጅ አውቃለሁ። መረቤን የሚጠግንልኝ እሱ ነበር።» ሙሄ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ከዚያ ዳሱ እንዲሰማ ከፍ አደረገው። «ምድር በአንድ ድምፅ ጠርታለች፣ መሐላም አለብን። ስም ካልሆነ፣ ስም አይደለም ብለው እዚሁ ጮክ ብለው ይንገሩንና እንቅር!»

ሊቀ ደስታ ወደ ዳሱ አየ፣ ወደ ባሕሩ አየ። ስም ነው ካለ፣ የቀረ ሰው በአደባባይ አስጠራ ማለት ነው። አይደለም ብሎ ከጮኸ ደግሞ ባለጸጋው ታዲያ ምን አስጮኸህ ይለዋል። «በሉ… የክብር ዙር ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ለእንቁላሉ ክብር ቀዛፊዎቻችን ባሕሩን ይዞራሉ! አጨብጭቡ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ትብለጥም አጨበጨበች፤ መጀመሪያ የራሷን፣ ቀጥላ የልጇን። ጀልባዎቹ ገመዱ የነበረበትን አልፈው እየራቁ፣ እያነሱ ሄዱ።

እሷ ዓይኗን ከባሕሩ ሳትነቅል አራቱን መንገደኞች በፊቷ አሳለፏቸው። ሰማይ ላይ ሰንብተው እግራቸው ምድር ስለረሳ በወንበር ነው የተሸከሟቸው። አንደኛዋ ወጣት ሴት ናት፣ የዚያች ነጠላ ጠምጣሚ ልጅ። ፊቷ ገርጥቷል። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹን አስቆመቻቸው።

«እርስዎ ነዎት የጠሩት?» አለች። «እንቁላሉ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ እሱ ነበር። አለቀስሁ።»

ትብለጥ ከድንጋዩ ወረደችና እጇን ያዘቻት። «እንኳን ለእናትሽ አበቃሽ፣ ልጄ» አለቻት፤ ከልቧ ነው። ከዚያ ተጠጋቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ላይ ሆናችሁ ወደታች ታያላችሁ አሉ። ባሕሩን አይተሻል?»

«አይቻለሁ፣ እማማ። ከዳር እስከ ዳር።»

«ጀልባስ? አሮጌ ናት፣ አንድ ጎኗ ቀለም የለውም። ልጆች አሉባት።»

ወጣቷ ልትዋሽላት ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። «ከዚያ ላይ ሰው አይታይም» አለች። «ውሃው ብቻ ነው የሚታየው። በጣም… በጣም ያምራል።»

ትብለጥ እጇን ቀስ ብላ ለቀቀቻት። «ያምርልሽ፣ የኔ ልጅ። ሂጂ፣ እናትሽ ቆማለች» አለቻት። ተሸካሚዎቹም ተነሱ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጀልባዎቹ ተመለሱ። ዳሱ ፈርሶ፣ ሹማምንቱ ገብተው፣ ዳርቻው ላይ ትብለጥና ጎረቤቷ እንጉዳይ ብቻ ቀርተዋል። እንጉዳይም ባሏ በሌላ ጀልባ ገመዱን አልፎ የቀረባት ሴት ናት። ሙሄ ከጀልባው ወርዶ፣ በእርጥብ እግሩ አሸዋውን አቋርጦ መጣና ፊቷ ቆመ።

«እትዬ ትብለጥ፣ አላገኘነውም» አለ። «አቅማችን እስከሚደርስ ሄድን። እየቆምን ጠራነው።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። በአንድ አፍ።»

«ከጠራችሁ በኋላ ጠበቃችሁ? እሱ እኮ ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ይስቃል።»

ሙሄ መሬት መሬት አየ። «ጠብቀናል… ግን ፀሐይዋ ሳትቀድመን ብለን ቸኩለን ይሆናል። በሚቀጥለው ረዘም አድርገን እንጠብቃለን።»

«አዎ፣ ረዘም አድርጉ» አለች ትብለጥ። ወደ ቤቷ ስትመለስ እንጉዳይ ትከሻዋን አቅፋት ነበር። አለቀሰች፣ ግን ልቅሶው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ፈቀቅ አለላት። «ተፈለገ እኮ፣ እንጉዳይ» አለች። «በሕጋቸው የሚፈለግ የሄደ ሰው ነው። ልጄ አልቀረም ማለት ነው። ሄዷል።»

እንጉዳይ ትንሽ እንደሄደች ቆመች። «ትብለጥዬ፣ የኔው ባል ስሙ መልሰው አይደል?»

«ነው እንጂ።»

«መልሰው… ለደስታ አይሆንም?»

ትብለጥ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና አየቻት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለቱም ሳቁ።

እንቁላሉ ለሌላ ጉዞ ሲወጣ ትብለጥ ሊቀ ደስታ ዘንድ ቀርባ፣ ሕዝቡ አንድ ቃል ብቻ ከሚሰለቸው ሌላም ቢጨመርለት ብላ አመለከተች። ሊቀ ደስታ አዲስ ነገር ይፈራል፤ ባለጸጋውን ማስከፋት ግን የበለጠ ይፈራል። የቃል ዳኛው ቃሉን መርምሮ «መልሰው ማለት ሰማይ ሆይ፣ እንቁላሉን መልሰው ማለት ነው፤ ይሁን» አለ። ያን ቀን ዳርቻው በሙሉ መልሰውን ጠራ፤ ቀዛፊዎቹም የክብር ዙራቸውን ዞሩ። ቀጥሎ ከላይኛው ሰፈር የመጣች እናት ኑርልኝን አስጠራች። ባለጸጋው ለኔ ነው ብሎ ተነስቶ እጅ ነሳ። አለኸኝም ተጠራ። ሴቶቹ ተራቸውን ውሃ ሲቀዱ በዓይን ይግባባሉ፤ ሹማምንቱም የሕዝቡ ደስታ ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሄዱን ለቤተ መንግሥት ያበስራሉ። ዳርቻው ላይ የደስታው ቀን እንደዚያ የሚናፈቅ ሆነ። ከሰማይ የሚወርደውን ባይንቁትም፣ ሰዉ በየቤቱ የሚጠብቀው የገመዱን መነሳት ነበር።

የተገኘ አለ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አንዴ የጀልባ ሳንቃ አግኝተዋል፣ ቀለም የሌለው። ከየትኛው ጀልባ እንደሆነ ማንም አልደፈረም ለመናገር። ትብለጥ ሳንቃውን አየችና «ቀለም የሌለው ጀልባ ብዙ ነው» ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ተራው ዞሮ ደግሞ ለአንለይ ደረሰ። የዚያን ዕለት ማለዳ እንጉዳይ ከትብለጥ ጋር ወደ ድንጋዩ እየወረደች፣ ብዙ ጊዜ ሆዷ ውስጥ የያዘችውን ነገር አወጣችው።

«ትብለጥዬ፣ አትቆጪኝ። የልጅሽን ጭብጨባ ታጨበጭቢለት የለ?»

«አጨበጭብለታለሁ።»

«ታዲያ ሲጠራ አቤቱንም ለምን አትዪለትም? ቢያንስ ሰው ሁሉ ጠርቶ ዝም ከሚል።»

ትብለጥ አልተቆጣችም። «ጭብጨባው የነሱ ነው» አለች። «ከፈለጉ ለአሥር ሰው አጨበጭብላቸዋለሁ። አቤት ግን የኔ ነው፣ እንጉዳይ። እሱን ራሱ ይበለኝ።»

ድንጋዩ ላይ ወጣች። ሰማዩ ጓ አለ፣ ጃንጥላዎቹ ተዘረጉ፣ እንቁላሉ ውሃው ላይ ወድቆ ብቅ አለ፣ ሊቀ ደስታ መሐረቡን አነሳ። ትብለጥ ጠራች። ዳርቻው ጠራ። ከዚያ እሷ ዝም አለች፤ ሕዝቡም ዝም አለ፤ ባሕሩ ላይ ያሉት ቀዛፊዎችም መቅዘፊያቸውን ከውሃው አውጥተው ያዙ።

ሹማምንቱ ይህን ዝምታ የአክብሮት ዝምታ ብለውታል። በደንቡም ገብቷል፤ እንግዳ ሲመጣም ይህ ሕዝብ እንቁላሉን ምን ያህል እንደሚያከብር ለማሳየት ይጠቅሱታል። ስለ ምን እንደሆነ ዳርቻው ላይ የማያውቅ የለም፤ የሚነግራቸው ግን የለም። ልጁ ቶሎ አይመልስም፣ መጀመሪያ ይስቃል፤ ስቆ እስኪጨርስ ነው የሚጠብቁት። የዚያን ቀን ዝምታው ከሌላው ጊዜ ሁሉ ረዘመ። ሊቀ ደስታ እንኳ መሐረቡን እንዳነሳ እጁ ዛለ።

ማዕበሉ መጣና ተመለሰ። ትብለጥ አንገቷን ቀና አደረገች፣ ዕንባዋን ጠረገች፣ አጨበጨበችም፤ መጀመሪያ የራሷን፣ ቀጥላ የልጇን።